አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛት በፊት የአሮጌውን ሕመም ማወቅ

መነሻ

በብዙ የትምህርት ክፍሎች የመመረቂያ ጥናት ሦስተኛው ምዕራፍ ምክንያት የሚጠየቅበት ምዕራፍ ነው። ናሙናው ለምን በዚህ መንገድ ተመረጠ? መጠይቁ ለምን ይህን ቅርጽ ያዘ? መለኪያው ምን ያህል አስተማማኝ ነው? ተመራማሪው ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል፤ «ጓደኛዬ ጥሩ ነው ብሎኝ ነው» የሚል መልስ በፈታኞች ፊት አያልፍም። ይሁን እንጂ መረጃው የሚከማችበት፣ የሚተነተንበትና ጽሑፉ የሚዘጋጅበት ዋናው መሣሪያ፣ ማለትም ላፕቶፑ፣ በአብዛኛው የሚመረጠው በዚሁ ዓይነት መልስ ነው። ማሽኑ መዘግየት ሲጀምር «አርጅቷል» ይባላል፤ ወዲያው የሚከተለው ጥያቄም «የትኛውን ልግዛ?» የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም የመጀመሪያው ጥያቄ ሌላ መሆን አለበት የሚል ነው፦ አሮጌው ላፕቶፕ ሥራዬን እያሰናከለ ያለው በየትኛው ክፍሉ ነው? ይህ ሳይመለስ የሚደረግ ግዢ አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ዓይነት ነው። ጥያቄው በአግባቡ ሲመለስ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ በመቀየር ጥናቱን ማጠናቀቅ እንደሚቻል ይታያል፤ መግዛት ግድ በሚሆንበት ጊዜም ምን መግዛት እንደሚገባ ይለያል።

ጉዳዩን ዛሬ ማንሣት ያስፈለገው በሁለት ምክንያቶች ነው። የመጀመሪያው የኑሮ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ እስከዚያ ድረስ 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ላፕቶፕ ከነመለዋወጫው ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በመሆኑ የብር አቅም በተዳከመ ቁጥር ከተማሪው ኪስ እየራቀ ይሄዳል። ዛሬ አንድ አዲስ ላፕቶፕ መግዛት ለአንድ ጀማሪ መምህር የብዙ ወራት ደመወዝ ማለት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቆሙ ነው። በዚህም ሳቢያ ገና የሚሠሩ በርካታ ማሽኖች በአንድ ቀን «ያረጁ» ተብለዋል። ይህ አባባል ምን ያህል ትክክል እንደሆነ ከዚህ በታች እመለስበታለሁ።

ሕመሙን መለየት

«ላፕቶፔ ዘገየ» ማለት «አሞኛል» እንደማለት ነው፤ ሕመም መኖሩን ይናገራል እንጂ የቱ ጋ እንደሆነ አያመለክትም። መዘግየት ከዲስክ፣ ከራም፣ ከሙቀት ወይም ከተጠራቀሙ ፕሮግራሞችና ከቫይረስ ሊመጣ ይችላል፤ የእያንዳንዱ መፍትሔም ዋጋውም ይለያያል። ለመጀመሪያው ምርመራ ባለሙያ አያስፈልግም። ተማሪው የዘወትር ሥራውን፣ ይኸውም የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የሚያነባቸውን ጥናቶችና የመተንተኛ ፕሮግራሙን፣ በአንድነት ይክፈት። ከዚያም ታስክ ማኔጀር የሚባለውን የዊንዶውስ መስኮት ከፍቶ የፕሮሰሰሩን፣ የራሙንና የዲስኩን መቶኛ ይመልከት። ማሽኑ በተንቀራፈፈበት ሰዓት ከሦስቱ የትኛው 100 በመቶ አጠገብ እንደቆመ ማየት የምርመራው ግማሽ ነው።

በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ዲስኩ ነው። መደበኛው ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳሕንና በላዩ የሚመላለስ ክንድ ያለው መሣሪያ ነው፤ በላፕቶፖች የተለመደው ፍጥነትም በደቂቃ 5,400 ዙር ነው። ክንዱ የሚፈለገው መረጃ ያለበት ቦታ እስኪደርስ ከ10 ሚሊሰከንድ ያላነሰ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ የተበታተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ሲያነብ በሰከንድ ማስተናገድ የሚችለው መቶ ያህል ጥያቄ ብቻ ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው ማከማቻ ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥያቄዎችን ይመልሳል። ኮምፒውተር ሲነሣና ፕሮግራም ሲከፈት የሚነበቡት በአብዛኛው እንዲህ ያሉ ትናንሽ ፋይሎች ናቸው። ፕሮሰሰሩ ሳይቀየር የአንድ አሮጌ ላፕቶፕ መነሻ ጊዜ ከደቂቃዎች ወደ ሰከንዶች የሚወርደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም ዲስኩ ስለተጨናነቀ ብቻ በዲስኩ ላይ መፍረድ አይገባም። ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ሥራ ወደ ዲስክ ያዛውራል፤ በዚህ ጊዜ የራሙ እጥረት የዲስክ ሕመም መስሎ ይታያል። ሁለቱም ከፍ ብለው ከታዩ መጀመሪያ ራሙን መመርመር ይሻላል። 4 ጊጋባይት ራም ለዛሬ የምርምር ሥራ ጠባብ ነው፤ 8 ጊጋባይት ለጽሑፍና ለመጠነኛ የስታቲስቲክስ ትንተና ይበቃል፤ 16 ጊጋባይት ደግሞ ለካርታ ሥራና ለትላልቅ የመረጃ ሠንጠረዦች ያመቻል። ራም ከመግዛት በፊት ግን ሁለት ነገሮችን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የሚባሉት ትውልዶች አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም። ሁለተኛ፣ በብዙ ቀጫጭን ሞዴሎች ራሙ ከዋናው ሰሌዳ ጋር የተበየደ በመሆኑ ሊቀየር አይችልም።

ሙቀት ሌላው የተዘነጋ መንስኤ ነው። ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በመስክ ጥናት አቧራ የጠገበ ማራገቢያ ወይም የደረቀ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ጤነኛውን ማሽን እንደ በሽተኛ ሊያስመስለው ይችላል፤ መድኃኒቱም መጥረግና ቅባቱን መቀየር ብቻ ነው። ባትሪም እንዲሁ በልኬት ሊታይ ይገባል። የሊትየም አዮን ባትሪ ከ300 እስከ 500 ያህል ሙሉ ዙር ከተሞላና ከተራገፈ በኋላ አቅሙ በግልጽ መቀነሱ የተለመደ ነው። ዊንዶውስ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅምና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚሠራ ተመራማሪ ከፕሮሰሰሩ ፍጥነት ይልቅ ይህ ቁጥር ይበልጥበታል። ያበጠ ባትሪ ግን የእሳት አደጋ ስላለው ሪፖርት ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ከአገልግሎት መውጣት አለበት።

ከማሽኑ በፊት መረጃው

ጥገናም ሆነ ግዢ ከመታሰቡ በፊት የሚቀድም አንድ ተግባር አለ። ያረጀ ላፕቶፕ ትልቁ አደጋ መዘግየቱ ሳይሆን የያዘው መረጃ ነው። ሃርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት እንደመንኳኳት ያለ ድምፅ በማሰማት ወይም ፋይል በማበላሸት ሊያስጠነቅቅ ይችላል፤ ኤስኤስዲ ግን ብዙ ጊዜ ያለምንም ምልክት ዝም ይላል። ስለዚህ አዲሱ ማከማቻ ፈጣን መሆኑ መጠባበቂያ ቅጂን አያስቀርም። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ ከሦስቱም አንዱ ከቤት ውጭ በሆነ ቦታ እንዲቀመጥ የሚያዘው የታወቀ ደንብ ለማንኛውም የድኅረ ምረቃ ተማሪ በቂ መመሪያ ነው።

ጉዳዩ የተማሪውን ድካም ከማዳን አልፎ የጥናቱን ተሳታፊዎችም ይነካል። ቃለ መጠይቅ ያደረገ ተመራማሪ «የሰጡኝ መረጃ በምስጢር ይጠበቃል» ብሎ ቃል ገብቷል። ላፕቶፑ ወደ ጥገና ሱቅ ሲገባ፣ ሲሸጥ ወይም ለታናሽ ወንድም ሲሰጥ ያ ቃል አብሮት ይጓዛል። ፋይልን መሰረዝ ከዲስኩ ላይ ማጥፋት አይደለም፤ የተሰረዘ ፋይል ሌላ መረጃ እስኪጻፍበት ድረስ በቀላል ፕሮግራም ሊመለስ ይችላል። በመሆኑም ማሽኑ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ዲስኩን ሙሉ በሙሉ መደምሰስ፣ ወይም ዲስኩን አውጥቶ ማስቀረት፣ እንደ ማንኛውም የምርምር ሥነ ምግባር ግዴታ ሊታይ ይገባል።

ዊንዶውስ 10 ሲያበቃ ምን አበቃ?

የድጋፍ መቆም ማለት ማሽኑ መሥራት ያቆማል ማለት አይደለም። የቆመው አዲስ የደኅንነት ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር ይላክ የነበረው መድፈኛ ነው። ይህ በራሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሰዎችን ምስጢር የያዘ ኮምፒውተር ሳይደፈንለት ከኢንተርኔት ጋር ለዓመታት ሊቆይ አይገባውም። ነገር ግን መውጫው አንድ ብቻ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ አዘጋጅቷል። ጥናቱን ለማጠናቀቅ ጥቂት ወራት ለቀሩት ተማሪ ይህ ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ነው። ለዚህ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ያስፈልጋሉ፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በይፋ የተፈቀዱት፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት ናቸው። ሦስተኛው መንገድ እንደ ኡቡንቱ ያለ ሊኑክስ መጫን ነው። አር፣ ኪውጂአይኤስ፣ ላቴክ፣ ዞተሮና ሊብሬኦፊስ በሊኑክስ ላይ ያለ ክፍያ ይሠራሉ። በአንጻሩ አርክጂአይኤስ ፕሮ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ብቻ በመሆኑ ሥራው በእርሱ ላይ የተመሠረተ ተማሪ ይህን መንገድ መምረጥ አይችልም።

በአማርኛ ለሚጽፍ ተመራማሪ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ብዙ ሰነዶች የተጻፉት ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ባስቀመጡ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት አዲስ ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። በአሮጌው ላፕቶፕ ላይ እንዲህ ያሉ የቃለ መጠይቅ ግልባጮች ወይም ቆየት ያሉ ጽሑፎች ካሉ ፎንቱና ፕሮግራሙ በእጅ እያሉ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይገባል።

ግዢ ግድ ሲሆን

ከላይ የተባለው ሁሉ «አትግዙ» ለማለት አይደለም። ዋናው ሰሌዳ የተበላሸ፣ 4 ጊጋባይት ራሙ የተበየደ፣ ወይም በየሳምንቱ በድንገት የሚጠፋ ማሽን ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ኪሳራ ነው። ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ የሚጠይቅ የማሽን ለርኒንግ ሥራም ኤስኤስዲ በመጨመር አይፈታም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የምርመራው ውጤት ራሱ የግዢ መስፈርት ይሆናል፤ አሮጌው ያጣው ምን እንደሆነ ያወቀ ሰው በአዲሱ ላይ የሚፈልገውን ያውቃልና።

በገበያችን ገዢን ከሚያሳስቱት ነገሮች ቀዳሚው የፕሮሰሰር ስም ነው። «ኮር አይ7 ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙም አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኮር አይ7-7500ዩ ሁለት ኮር ብቻ ሲኖረው፣ በዓመቱ የወጣው ኮር አይ5-8250ዩ አራት ኮር አለው፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለውም ሁለተኛውን ነው። እንዲህ ባሉት ስሞች ውስጥ ከሰረዙ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ትውልዱን ያመለክታል። ይህን ማንበብ የቻለ ተማሪ «አይ7» ለሚለው ተለጣፊ ተጨማሪ ገንዘብ አይከፍልም።

ሁለተኛው መስፈርት ማሽኑ የሚከፈት መሆኑ ነው። ባትሪው በብሎን ይፈታል? ራሙ ይጨመራል? ማከማቻው ይቀየራል? በፈረንሳይ ከ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ላፕቶፕ ሲሸጥ የጥገና አመቺነቱ ከ10 በሚሰጥ ነጥብ ለገዢው እንዲገለጽ በሕግ ተደንግጓል። ነጥቡ የሚሰላው የጥገና መመሪያ መኖሩን፣ የመፈታታት ቀላልነትን፣ የመለዋወጫ መገኘትንና ዋጋውን በመመዘን ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነጥብ በካርቶኑ ላይ ባይለጠፍም፣ መመዘኛዎቹን ይዞ ሱቅ መግባት የሚከለክለው የለም። ደግሞም መለዋወጫ እንደልብ በማይገኝበት አገር ይህ መመዘኛ ከፓሪስ ይልቅ አዲስ አበባ ላይ ይበልጥ ያስፈልጋል።

በዚህ መስፈርት ሲታይ፣ በእኔ እምነት፣ ለአብዛኛው የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከርካሽ አዲስ ላፕቶፕ ይልቅ ለድርጅቶች ተብሎ የተሠራ ያገለገለ ላፕቶፕ የተሻለ ምርጫ ነው። ቲንክፓድ፣ ላቲቲዩድና ኤሊትቡክ በሚባሉት መስመሮች ከተሠሩት ብዙዎቹ የሚፈታቱ ናቸው፤ የጥገና መመሪያቸው በይፋ ይገኛል፤ በብዛት ስለተሠሩም መለዋወጫቸው ይገኛል። በአንጻሩ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡ አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ራማቸውም ማከማቻቸውም የተበየደ በመሆኑ በተገዙበት ቀን ያላቸው አቅም እስከ መጨረሻው የሚኖራቸው አቅም ነው።

ያገለገለ ዕቃ የራሱ ስጋት እንዳለው ግን መካድ አይቻልም። የተነካካ ሰሌዳ፣ የደከመ ባትሪና የተቀየረ ተለጣፊ ሊያጋጥም ይችላል። መከላከያው ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ፍተሻ ነው፦ የመለያ ቁጥሩን በአምራቹ ድረ ገጽ አስገብቶ ዕድሜውን ማየት፣ የባትሪ ሪፖርት ማውጣት፣ የማከማቻውን ጤንነት መመርመር፣ ኪቦርዱን ቁልፍ በቁልፍ መሞከር፣ በሁሉም መሰኪያዎች ላይ ፍላሽ መሰካት፣ ቻርጀሩ ነቅሎ ሥራ ማሠራት። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል። የተስማሙበት የዋስትና ጊዜም በቃል ሳይሆን በደረሰኝ ላይ መስፈር አለበት።

ፍተሻው ጊዜ ይጠይቃልና ወቅቱም መታሰብ አለበት። ላፕቶፕ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ ጽሑፉ ሊቀርብ ሳምንታት ሲቀሩት፣ አሮጌው ጨርሶ ሲሞት ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በዚያ ሰዓት የሚገዛ ሰው የሚመርጥበት ጊዜ የለውም። ምርመራው መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ቢደረግ ውሳኔው ከጭንቀት ይድናል።

የትምህርት ክፍሎች ድርሻ

ምርመራውን በተማሪው ትከሻ ላይ ብቻ መጣል ተገቢ አይሆንም። ሁሉም ተማሪ ማሽን መፍታት አይችልም፤ ጊዜውም የለውም። ከዚህ አንጻር የትምህርት ክፍሎች ብዙ ወጪ ሳይጠይቃቸው ሦስት ነገሮችን ማድረግ ይችላሉ። አንደኛ፣ በክፍሉ የሚያስፈልጉትን ፕሮግራሞችና የሚጠይቁትን አነስተኛ የኮምፒውተር አቅም የያዘ አንድ ገጽ አዘጋጅተው ለገቢ ተማሪዎች ይስጡ፤ ይህ ብቻ ብዙ አላስፈላጊ ግዢ ያስቀራል። ሁለተኛ፣ የኮምፒውተርና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች በመምህር ክትትል የሚሠሩበት፣ ኤስኤስዲና ራም የመቀየርና የማጽዳት አገልግሎት በየወሰነ ትምህርቱ ለጥቂት ቀናት ይከፈት፤ ለእነርሱ ልምምድ፣ ለሌላው እፎይታ ነው። ሦስተኛ፣ የምርምር በጀት ሲዘጋጅ ከዕቃ ግዢ ጎን ለጥገናና ለመለዋወጫ የሚሆን መደብ ይታሰብ።

የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻም የዚሁ ጉዳይ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት እንዳመለከተው፣ በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሲወጣ በአግባቡ መሰብሰቡና መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶ ብቻ ነው። ስለ ዘላቂ ልማት የሚጽፍ ዩኒቨርሲቲ በመጋዘኑ የተከመሩትን ኮምፒውተሮች ከዚህ ውጭ አድርጎ ሊያያቸው አይችልም። ከሦስት የማይሠሩ ተመሳሳይ ማሽኖች አንድ የሚሠራ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ይወጣል፤ የራሱ ማሽን ለሌለው ተማሪም በውሰት ሊሰጥ ይችላል።

ማጠቃለያ

ላፕቶፕ የመተካት ውሳኔ የምርምር ዘዴ ውሳኔ አካል ሆኖ ቢታይ በአንድ ገጽ ሊጻፍ ይችላል። ገጹ አራት መልሶች ይኖሩታል፦ አሁን ያለው ማሽን የደከመው በየትኛው ክፍሉ እንደሆነ በልኬት፤ ጥናቱ የሚጠይቃቸው ፕሮግራሞችና አቅማቸው፤ ጉድለቱን የሚሞላው አነስተኛ ወጪ፤ የተሳታፊዎች መረጃ በሽግግሩ ጊዜ የሚጠበቅበት መንገድ። አማካሪዎች የጥናት ንድፈ ሐሳብ ሲቀበሉ ይህን ገጽ አብረው ቢጠይቁ፣ ተማሪው በመጨረሻው ወር ከሱቅ ሱቅ ከመዞር ይድናል። ገጹን ጽፎ የጨረሰ ሰው አዲስ ላፕቶፕ ቢገዛም ምክንያቱን ለፈታኞቹ ማስረዳት ይችላል፤ ባይገዛም ለመስክ ሥራው የሚሆን ገንዘብ በእጁ ይቀራል።